አባዬ ያልከፈተው መልእክት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ ዛሬ ግን በረቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።

የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት አፌ አይያዝም፤ አባዬ ፊት ግን ይተሳሰራል። ስለዚህ መክብብን መውደዴን ለዓመታት ደበቅሁ። በመጨረሻ መክብብ እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። አባዬ ደግሞ አስቀድሞ ካልተነገረው ሽማግሌ ከደጅ ይመልሳል። የምፈልገው አንዲት «እሺ» ብቻ ነበር። በአፌ መንገሩን አፍሬ በጽሑፍ ላክሁለት።

አባዬ መልእክቱን አልከፈተም። «ጽሑፍ የሚልክ ‹ሎተሪ ደርሶሃል› ባይ አጭበርባሪ ነው» ይላል። እሱ የሚያምነው ሚስኮል ነው፦ አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ «እሺ»፣ ሁለቴ ከሆነ «ደውዪልኝ» ማለት ነው።

ለእማዬ ደወልሁ። «እማዬ፣ አባዬን መልእክቱን ክፈት በዪልኝ።»

«ምን ብለሽበት ነው? ሳልሰማ አልነግረውም!»

አፍሬ ዘጋሁት። እማዬ ለአባዬ አልነገረችም፣ አባዬ መልእክቱን አልከፈተም፣ እኔም «እሺ» አላገኘሁም።

ለታላቅ ወንድሜ ለሲሳይ ጻፍሁለት፤ «ለእማዬ ደውለህ አስረዳልኝ።»

«መደወል ድሮ ቀረ! ቴሌግራም ላይ ጻፊላት።»

እማዬ ቴሌግራም የላትም። ሲሳይ ለእማዬ አልደወለም፣ እማዬ ለአባዬ አልነገረችም፣ አባዬ መልእክቱን አልከፈተም፣ እኔም «እሺ» አላገኘሁም።

ለሲሳይ ልጅ ለሐሴት ረጅም ጽሑፍ ላክሁላት፤ «አባትሽን ጎትጉቺልኝ።»

«አክስቴ፣ ይሄ ሁሉ ይነበባል? ቪዲዮ ላኪ!»

ቪዲዮ! ገና ሳስበው ፊቴ ጋለ። እኔ ቪዲዮ አልቀረጽሁም፣ ሐሴት ሲሳይን አልጎተጎተችም፣ ሲሳይ ለእማዬ አልደወለም፣ እማዬ ለአባዬ አልነገረችም፣ አባዬ መልእክቱን አልከፈተም፣ እኔም «እሺ» አላገኘሁም።

ዓርብ ዕለት መክብብ ደወለ። «ሽማግሌዎቹ ነገ መኪና ይሳፈራሉ። ይቅርባቸው ልበል?»

«እንዳትል!» አልሁና ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ቀረጽሁ፤ «ሐሴቴ፣ መክብብ የሚባል ሰው እወዳለሁ። ለአያትሽ ይነገርልኝ።»

«አክስቴ፣ ፊትሽን የት ጣልሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። ስቃም አልቀረች፣ ሲሳይን ጎተጎተች፤ ሲሳይ ለእማዬ ደወለ፤ እማዬ እልል ብላ ለአባዬ ነገረች፤ አባዬም መነጽሩን አድርጎ መልእክቱን ከፈተ።

ስልኬ አንዴ ጠራና ተቋረጠ።

ትንፋሼን ይዤ ሁለተኛውን ጠበቅሁ። «ደውዪልኝ» ካለኝ ምን እላለሁ? ሁለተኛው አልመጣም፤ እሱም በአፉ «እሺ» ማለቱን አፍሯል። ለካ ዓይን አፋርነቱን የወረስሁት ከአባዬ ኖሯል!

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ማበሻ ዳቦ ግን አታምጡ፣ እሁድ ለሽማግሌዎቹ ከተቆረሰው ተርፏል።