ፖም የሚለካው ቀለበት

ይህን ታሪክ ከዋሸሁ የተከልኩት አይጽደቅ፣ የጸደቀውም ፍሬ አይያዝልኝ። ከጨንጫ በላይ፣ በእኛ ደጋ፣ ሰው የሌላ ሰው ልክ ሲጫንበት የሚላት አንዲት አባባል አለች። ዛሬ ከተሜው ሁሉ ከአያቱ የወረሳት ይመስል ይናገራታል። መነሻዋን ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስትወለድ ከፊት ተቀምጬ ነበር።

ያን ጊዜ ፖማችን ፖም ነበር። የእኔ አንዱ ፍሬ የጥጃ ራስ ያህላል፤ ለሁለት ተሸክመን ነው ከዛፉ የምናወርደው። የአያ አንጁሎ ደግሞ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጎባጣ ነው፤ ሲቀምሱት ግን ማር። ንቦች ቀፏቸውን ጥለው እሱ ዛፍ ላይ ያድሩ ነበር። አያ አንጁሎ በጎልማሳነቱ ችግኝ በጀርባው ተሸክሞ አምጥቶ ስልሳ ዛፍ ያጸደቀ፣ በስልሳው ዛፍ ሰባት ልጅ ያሳደገ ሽማግሌ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

አንድ ቀን አንድ ባለሙያ ከላይ ተልኮ መጣና በዱቡሻ ሰበሰበን፤ ዱቡሻ ሽማግሌዎቻችን ተቀምጠው የሚመክሩበት ሜዳ ነው። ከባሕር ማዶ ካለ አገር ጋር የንግድ ስምምነት ተፈርሟል አለ። የእነሱ ፖም ያለ ቀረጥ ወደ እኛ ይገባል፣ የእኛም ያለ ቀረጥ ወደ እነሱ ይሄዳል። ከዚያ ከቦርሳው የብረት ቀለበት አወጣ። ፖም በዚህ ውስጥ ልክክ ብሎ ያልፋል፤ አልገባም ካለ ትልቅ ነው፣ ጠርዙን ሳይነካ ከወደቀ ትንሽ ነው፣ ሁለቱም ደረጃ የላቸውም አለ። በዚያ ላይ መሰሪው ሰውዬ ቀለበቱ በገዛ ገበያችንም ይሠራል ብሎ ጨመረ።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሥቼ ስናገር ድምፄ ቁልቁል ወርዶ የጫሞን አዞዎች ከሐይቁ አስወጣቸው።

«ጌታዬ፣ ፖም የሚያሳድገው እግዜር ነው፤ እግዜር ደግሞ ቀለበት ይዞ አይዞርም» አልኩት።

ቀለበቱን ከእጁ መንትፌ ገደል ወረወርኩት። ሲንከባለል የዋለበት ድምፅ እስከ ማታ ተሰማ። ምን ዋጋ አለው፣ በማግስቱ ሌላ አመጡ።

ወሩ ሳይሞላ የውጭው ፖም በካርቶን ገባ። እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ግንባሩ ላይ ተለጣፊ ተለጥፎበት፣ አንዱን ቢቆነጥጡት ሌላው የሚጮህ መንታ ሁሉ። ቀለበቱ ውስጥ አንድ በአንድ ሾልኮ አለፈ። አንድም አልቀረ።

ሃያ ዓመት ሙሉ የአያ አንጁሎን ፖም የምትረከበው ነጋዴ፣ ወይዘሮ ቦጋለች፣ ከአርባ ምንጭ ስትመጣ እሷም ብየዳ ቤት ያሠራችውን ቀለበት ይዛ ነበር። አንድ ቅርጫት ለካች፤ ያለፉት ሦስት ናቸው። ሆቴሎቹ አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚወስዱልኝ፣ ምን ላድርግ አያ፣ አለችው። አያ አንጁሎ ከወደቁት አንዱን አንሥቶ ሰጣት። እስከ ፍሬው በላችው፣ ጣቷንም ላሰች።

«ከዚያኛው ይህ ይጣፍጣል» አለች። ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ሄደች።

ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የባሕር ማዶዎቹ ገበሬዎች ማቀዝቀዣ መጋዘን አላቸው፣ መርከብ አላቸው፣ ሲከስሩ የሚደግፋቸው መንግሥት አላቸው። የእኛ ፖም ከተማ እስኪደርስ በቅሎ ጀርባ ላይ ግማሹ ይቆስላል። ከዚያ ሁላችሁም እኩል ናችሁ፣ ተወዳደሩ ይሉናል!

በሁለተኛው ዓመት አያ አንጁሎ ዛፎቹን ቆርጦ ባሕር ዛፍ ሊተክል ወሰነ። ለደቦ ጠራንና ሄድን። ሰው ሁሉ አንገቱን ስለደፋ፣ ልብ እንዲሆናቸው ብዬ ይህንኑ ታሪክ ልክ ለእናንተ እንደነገርኳችሁ ነገርኳቸው። ቀለበቱ ገደል የገባበት ጋ ስደርስ አያ አንጁሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አቋረጠኝ።

«ኦልታዬ፣ ያን ቀን አልጮህክም። ቀለበቱም ገደል አልገባም፤ የገበሬ ማኅበራችን ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰውዬው ቀለበቱ ወደ ውጭ ለሚሄደው ብቻ ነው ሲል፣ ‹የለም፣ የእነሱም ገበያችን ሲገባ ይለካ፣ ሕግ ለሁላችን አንድ ይሁን› ያልከው አንተ ነህ።»

«እናንተስ አላጨበጨባችሁም?» አልኩት።

«አጨበጨብን። እኔማ እርጥብ ሣር ይዤ መረቅሁት፤ በዱቡሻ የተመረቀ ነገር ደግሞ አይፈርስም። ‹ቀለበቱ የተሠራው በማን ልክ ነው፣ በእነሱ ወይስ በእኛ?› ብሎ የጠየቀው ግን ከመካከላችን አንድም ሰው የለም።»

ሕግ አንድ ይሁን ማለት ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ ብዬ ጠየቅሁት። አያ አንጁሎ መጥረቢያውን አንሥቶ የመጀመሪያው ዛፍ ግንድ ላይ ሰካውና እዚያው ተወው።

«ጥፋት የለውም ልጄ፤ ብቻ በሰው ጣት የተለካ ቀለበት፣ ወይ ይጠብቃል ወይ ይወልቃል።»