እባቢቱና አሮጌ ቆዳዋ

ተረት ተረት ስላችሁ «የእባብ ጎረቤት» በሉኝ።

አንድ ሰው እባብ ያሳድግ ነበር። አንድ ቀን ዓይኗ እንደ ወተት ነጣ፤ ምግብም አልቀምስ አለች። «በቃ፣ ልትሞትብኝ ነው» አለና ከነቅርጫቷ መንገድ ዳር ጥሏት ሄደ። ውድነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ አገኘቻትና ኤሊና ዶሮ ወዳሉበት ቤቷ ወሰደቻት።

ዶሮ ገና ስታያት «ዕውር እባብ ምን ያደርግልናል? አውጥተሽ ጣያት!» ብላ ጮኸች።

ኤሊ ግን ቀስ ብላ ተጠጋችና «እህቴ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?» አለቻት።

«ኧረ ምንም አላመመኝ። ቆዳዬ ጠቦኝ ልቀይረው ነው። ጌታዬ መቼ ጠየቀኝ!»

ውድነሽ ይህን ስትሰማ እርጥብ ጨርቅ አነጠፈችላትና ጠበቀች። በሳምንቱ እባቢቱ አሮጌ ቆዳዋን ቅርጫቱ ውስጥ ትታ፣ ዓይኗ ጠርቶ ወጣች።

ያን ዕለት ውድነሽ ሸክላ አፈር ልታመጣ ወጥታ ሳለ፣ የእባቢቱ ጌታ ጸጸት አላስቀምጥ ብሎት እያጠያየቀ መጣ። ደጅ ያለውን ቅርጫት ከፍቶ ቆዳውን ሲያይ «ሞተችብኝ!» ብሎ አለቀሰ። ቆዳውንም በነጠላው ጠቅልሎ፣ እየሳመው ሄደ።

«ልጥራልሽ?» አለች ዶሮ።

እባቢቱ ከአንድ ማሰሮ ውስጥ ብቅ ብላ «ተይው» አለች። «የሚያውቀው ቆዳዬን ነበር፤ እሱን ይዞ ሄዷል።»

ተረቴን መልሱልኝ፣ እባቢቱን ግን እዚያው ተዉልኝ።