ለአንድ ወንበር ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ

ይህን ታሪክ ከመጀመሬ በፊት የሕግ ባለሙያዎችን፣ የሕግ ተማሪዎችን፣ ለሕግ ትምህርት ያመለከቱትንና ለማመልከት ጉርድ ፎቶ የተነሱትን ሁሉ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተከበረውን ሙያ ልነካ አይደለም፤ እኔ ማን ሆኜ። ዝም ብል በወደድኩ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ ከአቅሜ በላይ የሆነ ጥያቄ ስላለበት አዋቂዎች ይፍረዱት ብዬ ነው።

በአንድ ወቅት፣ ስሟ ባይጠራ በማይከፋት አንዲት ከተማ፣ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሠራተኞች ነበሩ፤ ይሁኔ፣ አስናቀና ፈትለወርቅ። ሦስቱም በፋይል አቧራ መካከል አሥር አሥር ዓመት ተቀምጠዋል። ሦስቱም ጠበቃ መሆን ይፈልጋሉ። በዚያ ዓመት የሕግ ትምህርት ቤቱ የማታውን ክፍል ሊዘጋ ስለሆነ ለመጨረሻ ጊዜ ተማሪ እንደሚቀበል፣ ከእነሱ ጽሕፈት ቤትም አንድ ሰው ብቻ እንደሚወስድ ማስታወቂያ ለጠፈ። በቀን እንዳይማሩ ሥራ አለባቸው። የቀረ ሰው እንግዲህ ጡረታው እስኪደርስ ከአቧራው ጋር ነው።

የመግቢያ ፈተናውን ሦስቱም እኩል ስልሳ አንድ አመጡ። ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ሰው አላማም። ስለዚህ የሚለያቸው የአለቃቸው የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ሆነ።

አለቃቸው አቶ ደርበው የተከበሩ ሰው ናቸው። አንድም ወረቀት አንብበው አያውቁም የሚለውን ሐሜት አልቀበልም፤ የሎተሪ ቁጥር ያነባሉ። ሦስቱ ተሰልፈው ደብዳቤ እንዲጽፉላቸው ሲለምኗቸው፣ አለቃ እንደ ወጉ የሚለውን አሉ። «ጽፋችሁ አምጡ፤ እፈርማለሁ።» ተመስጋኙ ምስጋናውን ይጽፋል፣ አመስጋኙ ይፈርማል። ከዚህ የተሻለ የሥራ ክፍፍል ሰምቼ አላውቅም።

የይሁኔ ስጦታ ቃል ነበር። በአቶ ደርበው አንደበት ራሱን በሁለት ገጽ አመሰገነ። «በሥራ ዘመኔ እንደ ይሁኔ ያለ ቅንና ትሑት ሠራተኛ አላየሁም» ብሎ ጀመረ። ትሑት የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደገማት። ስለ ፍትሕ ፍቅሩ የጻፈው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ራሱም አለቀሰ ይባላል።

አስናቀ መጻፍ አይሆንለትም። የይሁኔን ደብዳቤ ተውሶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ትሕትናውንም ጭምር ገለበጠው። የእሱ ስጦታ ሰው ማግኘት ነበር። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ አቶ ደርበው ደግሞ ማኅተሙን በኮት ኪሳቸው ይዘው ከጠፉ አራት ቀናቸው ነው። ጽሕፈት ቤቱ ስብሰባ ላይ ናቸው ይላል። አስናቀ የሦስቱንም ደብዳቤ ይዞ ሲፈልጋቸው ከከተማው ዳር አንድ ለቅሶ ቤት ካርታ ሲጫወቱ ደረሰባቸው። በባዶ እጅ መግባት ነውር ስለሆነ እንባ ይዞ ገባ። ስሙን ለማያውቀው ሟች ከልቡ አለቀሰ፤ የሟች እህት መጥታ እስክታጽናናው ድረስ። አቶ ደርበውም አዝነው «ዘመድህ ነበር እንዴ?» አሉት።

«ጋሼ፣ ሦስት ፊርማ ብቻ» አላቸው።

ተራቸው ደርሶ ስለነበር ዓይናቸውን ከካርታው ሳያነሱ ፈረሙ፤ ማኅተሙንም እፍ ብለው ሦስቱንም መቱ። አስናቀ የሁለቱን መንገድ ላይ ቢጥልባቸው ማንም አያውቅበትም ነበር። አልጣለም። ሦስቱንም ዓርብ ረፋድ ላይ አስገባ።

የፈትለወርቅ ስጦታ ማንበብ ነበር። በዚያ ቤት የሚገባና የሚወጣ ወረቀት የምታነብ እሷ ብቻ ናት። ደብዳቤዋ አጭር ነበር፤ «ፈትለወርቅ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ አርፍዳለች። ከባለጉዳይ ጋርም ትጣላለች። እኔ የምፈርመውን አላነብም፤ የምታነብልኝ እሷ ናት። ይህንንም ሳላነብ ፈርሜያለሁ።» አስናቀ ደብዳቤውን ሲቀበላት አላነበበውም። እሱም የቤቱ ልጅ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሦስት አባላት ያሉት አስመራጭ ኮሚቴ ነበረው። ደብዳቤዎቹን አይተው ግራ ቢገባቸው ለአቶ ደርበው ደወሉና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው አነበቡላቸው። በመጀመሪያው «ቃሌ ነው» አሉ። በሁለተኛውም፣ ከመጀመሪያው ጋር በስም ብቻ ቢለያይም፣ «ቃሌ ነው» አሉ። ሦስተኛው ተነቦ ሲያልቅ ግን «ይሄ የእኔ አይደለም!» ብለው ጮኹ።

ከኮሚቴው አንዱ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። «አቶ ደርበው፣ ይረጋጉ። የእኔም ቤት ካርታ በእርስዎ ፊርማ ነው የወጣው። ሳያነቡ የፈረሙት የእርስዎ ካልሆነ፣ ከተማው በሙሉ ነገ ቤት አልባ ነው።»

«ትክክል ነው» አሉ አቶ ደርበው። «ሳላነብ ፈርሜያለሁ። ቃሌ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ሦስቱ አመልካቾች ይህን ሁሉ ሰሙ።

«ፈትሌ፣ ሰውዬውን በገዛ ፊርማቸው አዋረድሻቸው» አላት ይሁኔ።

«የዋሸሁት ካለ አሳየኝ። ያንተን ደግሞ እኔ ላሳይህ።»

አስናቀ ሁለቱንም በንቀት አያቸው። «እኔ ባላለቅስ ኖሮ እውነቱንም ውሸቱንም ይዛችሁ እቤታችሁ ትቀሩ ነበር።»

ኮሚቴውም ተጣላ። አንዱ ወንበሩ የይሁኔ ነው አለ፤ በሌላ ሰው አንደበት፣ ፊቱ ሳይቀላ፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ማሳመን ጥብቅና ካልሆነ ምንድን ነው ሲል። የቤት ካርታውን ያነሳው አባል ወንበሩ የአስናቀ ነው አለ፤ ያልተፈረመበት እውነት መዝገብ ውስጥ አይገባም፣ ደግሞም የተቀናቃኞቹን ወረቀት ታምኖ አድርሷል። ሦስተኛው ከሦስቱ እውነት የጻፈች ፈትለወርቅ ብቻ ናት ብሎ ተሟገተ። የመጀመሪያው አባል ግን ያመናትን አለቃ ሳያውቅ ያስፈረመች፣ ነገ ደንበኛዋንስ ምን ታስፈርመዋለች ብሎ ያዘው። ሰውዬው የፈረመው ሰነፍ ስለሆነ እንጂ ስላመናት አይደለም ብሎ ሦስተኛው መለሰለት፤ በዚህም ምሳ ሰዓት ደረሰባቸው።

ስም ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት ይለጠፋል። እስከዚያ ካልተስማሙ ወንበሩ ባዶውን ይዘጋል።

እናንተ አዋቂዎች እንግዲህ ፍረዱ። ውሸቱን ያሳመረው፣ ፊርማውን ያመጣው ወይስ እውነቱን በተንኮል ያስፈረመችው? ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው?

የምትሉትን በልባችሁ ያዙ። አደራችሁን ግን፣ ይህን ታሪክ ለማንም፣ በተለይ ለአመልካች፣ እንዳትደግሙት። ሦስቱን ስጦታ በአንድ ራስ አጣምሮ የሚመጣ አይጠፋም፤ እሱን ደግሞ ኮሚቴው ሳይጣላ ነው የሚቀበለው።