ከመቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ ያልነበረችው ጥያቄ

አንድ ሚዛን ፈታሽ ነበር። ስሙ ይትባረክ ይባላል። ሥራው በከተማዋ ሱቆች፣ ወፍጮ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች እየዞረ ሚዛናቸው ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ነበር። የናስ ክብደቶቹን በእንጨት ሣጥን ይዞ ይገባል፤ አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል፤ አጎንብሶ መርፌዋ የት እንደቆመች ያያል። ካመነ ምልክት ይለጥፋል፤ ካላመነ እንደገና ይመዝናል። ብዙ ጊዜ እንደገና ይመዝን ነበር። ጠዋት የቤቱን በር ቆልፎ ሃያ እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን የሚነካ ሰው ነበርና።

«ሚዛን አይዋሽም» ይላቸው ነበር ነጋዴዎቹን። «የሚዋሸው እጅ ነው። በሉ እጃችሁን ከሰሃኑ ላይ አንሡ።»

ይህ ሰው ኤፍራታ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረችው። አፏ አያርፍም። ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ በመንገድ ያየችውን ሁሉ፣ የሚያነክሰውን ውሻ፣ የተገለበጠውን ጋሪ፣ የባለሱቁን አዲስ ጫማ ሳይቀር፣ ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ ትተርካለች። ባለሱቁም «ሬዲዮ» የሚል ስም አውጥቶላታል።

መስከረም ሲጠባ አንደኛ ክፍል መግባት ነበረባት። ይትባረክ የግል ትምህርት ቤት ሊመርጥላት ተነሣ።

ባለ ካሬ ደብተር ገዛና አሥራ ሰባት ዓምድ አሰመረ። ከቤት ያለው ርቀት በእርምጃ፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ልጆች ብዛት፣ መምህራኑ እዚያ የቆዩበት ዘመን፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ውጤት፣ የቧንቧዎቹ ቁጥር፣ የአጥሩ ከፍታ፤ ሁሉም ዓምድ ተሰጠው። በአሥራ ዘጠኝ ቀን አራት ትምህርት ቤት ጎበኘ። በአንዱ ግቢ የመስኮቱን ስፋት በሜትር ሲለካ ዘበኛው ሌባ መስሎት አንገቱን ይዞ አስወጣው። ይትባረክ ይህንንም በር ላይ ቆሞ ጻፈ፦ «ጥበቃ፣ በጣም ጥሩ።»

ባለቤቱ ሰናይት ደብተሩን አይታ ሳቀች።

«ትምህርት ቤት ነው የምትመርጠው ወይስ ሥጋ ቤት የምታሽገው?»

«ብሳሳት እኮ ስህተቱን የምትሸከመው እሷ ናት፣ ሰኒ። ስምንት ዓመት ሙሉ።»

«እሺ፣ ሳትሳሳት ምዝገባው ቢያልቅብህስ?»

ይትባረክ ደብተሩን ዘግቶ ብብቱ ሥር አደረገ። እርሷም ከዚህ በላይ አልቀለደችበትም። ፍርሃቱ ልጁን ከመውደዱ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዱ በኮረብታው ላይ ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት ነው። አራት ፎቅ፣ ሰፊ ሜዳ፣ ቤተ መጻሕፍት፤ ከበሩ ጀምሮ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገርበትም። ለአርባ ቦታ ሦስት መቶ ልጅ ይፈተናል። ሁለተኛው በአንድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ የተከፈተ፣ የበርበሬ ወፍጮ አጠገብ ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ያስነጥሳል። ይትባረክ ነጥቡን ደመረ። ኮረብታው በግማሽ ነጥብ በለጠ። ሦስት ጊዜ ደመረው፤ ያው ግማሽ ነው።

«በቃ» አለ። ግን ሆዱ «በቃ» አላለም።

የመግቢያ ፈተናው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። በቃል፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነው። ይትባረክ ልጆቻቸውን ያስፈተኑ ወላጆችን እየጠየቀ ይመጣሉ የተባሉትን ጥያቄዎች ሰበሰበ፤ የራሱንም ጨመረበት። መቶ አሥራ ሁለት ሆኑ። ቀለማት አሥራ አንድ፣ እንስሳት ሃያ አራት፣ የሳምንቱ ቀናት፣ የሰውነት ክፍሎች። ከዚያም በቤቱ ሕግ አወጣ፤ እስከ ፈተናው ቀን ድረስ አማርኛ የለም።

«እኔስ?» አለች ሰናይት።

«አንቺም ሞክሪያ።»

«እኔ ስሞክር ልጅቷ በሳቅ ትሞታለች።»

በመጀመሪያው ቀን እውነትም ተሳሳቁ። በሦስተኛው ቀን ሳቁ ቆመ። ኤፍራታ እያለከለከች ገብታ «አባዬ፣ ያ ውሻ ዛሬ ደግሞ» ስትል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ኢንግሊሽ፣ ኤፊ።»

ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ቆመች። የሚያነክስ ውሻ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አታውቅም። ውሻውን ተወችው።

በአምስተኛው ቀን ከልጁ ጋር በሱቁ ደጅ ሲያልፍ ባለሱቁ «ምነው፣ ሬዲዮዋ ባትሪ ጨረሰች እንዴ?» አለው። ይትባረክ ፈገግ ብሎ አለፈ፤ ቃሉ ግን እንደ እሾህ ተሰካበት። በሰባተኛው ቀን ኤፍራታን ከግቢው ቧንቧ ሥር አፏን ደቅና ስትጠጣ አያት። ቤት ውስጥ ውሃ ሞልቷል። ለመጠየቅ ግን ዓረፍተ ነገሩን በትክክል መናገር አለባት፤ እንዳትሳሳት ፈርታ ነው። ነገሩን እዚያው ሊያቆመው አሰበ። ከዚያ ደብተሩን አየ። ከመቶ አሥራ ሁለቱ መቶ አራቱን መልሳለች። የቀረው ሁለት ቀን ነው።

«ሁለት ቀን ብቻ» አለ ለራሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮረብታው ላይ ደረሱ። ተራ ቁጥራቸው ስድሳ ሦስት ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ በአግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቁ። ይትባረክ ዝቅ ባለ ድምፅ ጥያቄዎቹን እየደገመላት ነበር። ኤፍራታ ተነሥታ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሯ መቆም ጀመረች። የአባቷን እጅጌ ጎተት አድርጋ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አባቷ ሲገቡ ያነበበላትን «እዚህ እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል የግድግዳ ማስታወቂያ አየች፤ አፏን ዘጋች። «ፈርታ ነው» አለ በልቡ። ትከሻዋን ይዞ ቀጥ አድርጎ አቆማት።

ስሟ ተጠራ።

ወላጆች የሚጠብቁት ከመስታወት ውጪ ነው። ፈታኟ ፊቷ ፈገግታ የማይለየው ወጣት መምህርት ነበረች። ድምፅ አይሰማም፤ ግን ይትባረክ የልጁን ከንፈር እያየ ጥያቄውን ያውቀዋል። ስሟን ተናገረች። ዕድሜዋን ተናገረች። ቢጫ። አረንጓዴ። ዝሆን። ኤፍራታ በመለሰች ቁጥር መምህርቷ ምልክት ታደርጋለች፤ ይትባረክ በጣቱ ይቆጥራል። አሥር። አሥራ አምስት። ሁሉም ከደብተሩ የወጡ ናቸው። አሥራ ስምንት ላይ ፈገግ አለ።

አሥራ ዘጠነኛው ላይ መምህርቷ ብዕሯን አስቀመጠች። ወደ ወለሉ አየች።

የኤፍራታ ነጭ ካልሲ ረጥቦ ነበር። ውሃው በጫማዋ ዙሪያ እየሰፋ ሄደ። አላለቀሰችም። ፊቷም አልተለወጠም። እጆቿን ጎንና ጎን አድርጋ ቀጥ ብላ ቆማ፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ ትጠብቅ ነበር።

ይትባረክ በሩን ከፍቶ ገባ። መምህርቷ ተንበርክካ ነበር፤ የግቢውንም ሕግ ረስታዋለች።

«የኔ ማር፣ ምነው? ለምን አልነገርሽኝም?»

ኤፍራታ ለመምህርቷ አልመለሰችላትም። ቀና ብላ አባቷን አየች። ይነገራል ወይስ አይነገርም እያለች በዓይኗ ትጠይቀው ነበር።

«ተናገሪ» አላት። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

«በእንግሊዝኛ አላውቀውም» አለች በሹክሹክታ።

ይትባረክ ልጁን አቅፎ ከኮረብታው ሲወርድ መቶ አሥራ ሁለቱን ጥያቄዎች በልቡ አንድ በአንድ አለፋቸው። ቀጭኔ ነበረ። ክርን ነበረ። ይህች አንዷ ግን አልነበረችም።

ማክሰኞ ውጤት ተለጠፈ። ኤፍራታ አልፋለች፤ ከአርባዎቹ ሠላሳ አንደኛ። እስከ ዓርብ ቀትር ካልተመዘገበች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ይትባረክ ዝርዝሩ ፊት ለፊት ቆሞ ደስ እንዲለው ጠበቀ። አላለውም። በቤቱ ሕጉ ከተነሣ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ኤፍራታ ግን አሁንም ከመናገሯ በፊት ዓይኑን ታያለች።

ደብተሩን ይዞ ወደ ጋሽ ወርዶፋ ሄደ። ጋሽ ወርዶፋ ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ናቸው፤ ከሥራ ከወጡ በኋላ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የተበላሸ ሚዛን ይጠግናሉ። ይትባረክ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ገጾቹን ገለጡ።

«ጎበዝ። የአጥሩን ከፍታ እንኳ አልተውክም።»

«ጋሼ፣ የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ድምሩ እኮ ልክ ነው።»

«ልክ ነው። አንድ ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ምን ታስቀምጣለህ?»

«ምንም። ባዶውን ነው የማየው። መርፌዋ ዜሮ ላይ ካልቆመች ከዚያ በኋላ የምመዝነው ሁሉ ከንቱ ነው።»

«እዚህስ ዜሮህ የት አለ?»

ይትባረክ ዓምዶቹን በጣቱ ተከተለ።

«ልጅቷ ናታ!» አሉ ሽማግሌው። «ምንም ሳትጭንባት፣ በራሷ ስትሆን እንዴት እንደሆነች ታውቃለህ?»

«አውቃት ነበር።»

«ነበር?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ። ደብተሩን ዘግተው መለሱለት። «በል እጅህን አንሣና እንደገና መዝን።»

ሐሙስ ዕለት ይትባረክ ኤፍራታን ይዞ ወጣ፤ ደብተሩን አልያዘም። መጀመሪያ ወደ ኮረብታው ሄዱ። ከበሩ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ቆመና «ውሃ ጠይቂያቸው፤ እንደፈለግሽ ተናገሪ» አላት። ኤፍራታ ሄደች። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ራሷን ዳበሳት፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ኢንግሊሽ፣ ቤቢ!» አላት እየሳቀ። ኤፍራታ ተመለሰች።

«አልጠማኝም» አለች።

ከዚያ ወደ ትንሹ ትምህርት ቤት ወረዱ። ወፍጮው ይጮኻል። በሩ ገርበብ ብሎ አንዲት ሴት በባልዲ ኩባያ ያለቀልቃሉ። ኤፍራታ ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«ማነሽ አንቺ? ምን ፈለግሽ?»

ልጅቷ ዝም አለች። ሴትዮዋም ኩባያቸውን ይዘው ጠበቁ። ኤፍራታ ዞራ አባቷን ፈለገች። ዓይኑን ጨፈን ቢያደርግላት፣ ራሱን ቢነቀንቅላት፣ ትናገራለች። ያን ሊያደርግ ነበር። ግን ነጋዴዎቹን ዕድሜውን ሙሉ የሚላቸው ነገር ትዝ አለው።

ጀርባውን ሰጣትና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ከኋላው ምንም አይሰማም። ወፍጮው ብቻ። ከዚያ፦

«ሽንቴ መጥቷል።»

ውሃ ጠይቂ ብሎ ነበር የላካት።

«ውይ በሞቴ! ነይ የኔ እናት፣ በዚህ በኩል፣ ሩጪ!»

የሁለት ሰው እግር ሲሮጥ ሰማ። ቆይቶ ደግሞ ማስነጠስ ሰማ። ቀጥሎም ድምፅ፦ «ለምንድነው እዚህ የሚያስነጥሰው? እናንተስ አታስነጥሱም? እኛ ሰፈር እኮ አንድ የሚያነክስ ውሻ አለ፣ እሱ ቢመጣ ግን...» ሴትዮዋ ይስቃሉ። ልጅቷ አታቆምም። ይትባረክ አጥሩን እያየ ምን ያህል እንደቆመ አያውቅም። ሰዓቱን አላየም።

ዓርብ ቀትር አለፈ፤ የኮረብታው ቦታ ለተጠባባቂ ተሰጠ። ኤፍራታ የወፍጮው ጎረቤት ሆነች። እንግሊዝኛዋ እስከ ሁለተኛ ክፍል ማብቂያ ደከም ያለ ነበር፤ አባቷም ብዙ ጊዜ «ተሳስቼ ይሆን?» እያለ ይጨነቅ ነበር። ሰው ተፈጥሮውን በአንድ ቀን አይጥልም። ጭንቀቱ በመጣበት ሰዓት ግን በሩ ይከፈታል፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ወሬዋን ትጀምራለች።

የኮረብታው ትምህርት ቤት መጥፎ አልነበረም። ምናልባት ለሌላ ልጅ ከሁሉ የተሻለው ነው። ስህተቱ የአባትየው ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹን በአሥራ ሰባት ዓምድ ሲመዝን እጁን ከልጁ ላይ አላነሣም። ለልጅ ትምህርት ቤት ስንመርጥ ፎቁንና ውጤቱን መጠየቃችን ደግ ነው። ከዚያ በፊት የምትቀድም ግን አንዲት ጥያቄ አለች፤ ልጄ ሲቸግረው እዚህ አፉን አውጥቶ መናገር ይችላል? ያልተናገረ ልጅ ሁሉንም መልስ ሊያውቅ ይችላል፤ እግሩ ግን እንደረጠበ ይቆማል።

የእናንተስ ልጅ ዛሬ የቸገረውን ሊነግራችሁ ሲል፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት ዓይናችሁን አይቶ ይሆን?