በሰንበሌጥ የተነካካችው ተክል

ልጄ ትርሲት «እማዬ፣ ሰውን ሳይፈትኑ ማመን ይቻላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። ባሏ ደምሰው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። እሷ ደግሞ ልብሷን በሻንጣ ይዛ እኔ ዘንድ መጥታለች። ከዚያ በፊት ጓደኛዋን እሱ በማያውቀው ስልክ አስደውላ፣ በጣፋጭ ቃል እንድታባብለው አድርጋ ነበር። እሱ «ባለትዳር ነኝ እባክሽ» ብሎ ዘጋባት። ይህ ደስ ሊያሰኛት ሲገባ ጭራሽ ባሰባት። «ድምፅዋን ለይቶት ቢሆንስ?» አለች። አሁን ደግሞ የምትለምነው እኔን ነው።

«ደውዪለትና በጠና ታማለች በይው። ጭነቱን ጥሎ ከመጣ ይወደኛል ማለት ነው። ካልመጣ ግን እዚሁ እቀራለሁ፤ ትዳሩም ይቅር።»

«በስመ አብ! እኔን ዋሺ ልትዪኝ?» አልኳትና አስቀምጬ ይህን ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ፤ አትክልት ይወዳል፣ ማመን ግን አይወድም። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሲሰናበተው ዝንብ የምትበላ ተክል በማሰሮ ሰጠው።

«ዝንብ የሚበላ ተክል? እማዬ ደግሞ!» አለች ትርሲት።

«ችግኝ ጣቢያ ስሠራ በዓይኔ ያየኋት ናት። አድምጪ።»

የተክሏ ቅጠል ጫፉ ላይ እንደተከፈተ መጽሐፍ ለሁለት ተከፍሏል፤ ጠርዙ ዙሪያውን ሽፋሽፍት አለው። ውስጡ ቀላ ያለ ነው፤ እዚያ ላይ ጥቂት ቀጫጭን ፀጉሮች ቆመዋል። ዝንብ ገብቶ ሲነካካቸው ቅጠሉ ይከደንበታል፤ ቀስ እያለም ያሟሟዋል። እንግዳው «የመጣችው ምንም ከሌለው ረግረግ ነውና ፍግ አታድርግባት፤ ይገድላታል። የዝናብ ውሃ ብቻ አጠጣት፣ ፀሐይ አትከልክላት። ምግቧን ራሷ ትይዛለች» ብሎት ሄደ።

ሰውየው ጠረጠረ። ፍግ የሚጠላ ምን ዓይነት ተክል ነው? ቢሆንም የተባለውን አደረገ። የዝናብ ውሃ አጠራቀመላት፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጣት፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ይጠብቃት ጀመር። አንድ ዝንብ መጣ። ቅጠሉ ላይ አርፎ አንዷን ፀጉር ነካና በረረ። ቅጠሉ ንቅንቅ አላለም።

«አታሎኛል!» አለ ሰውየው። አንድ ሰንበሌጥ ነቅሎ ፀጉሮቹን ነካ ነካ አደረጋቸው። ቅጠሉ ጥርቅም አለ። ልቡ ዐረፈ። በማግስቱ ግን «ትናንት ዘግታለች፤ ዛሬስ?» አለ። ሌላ ቅጠል ፈልጎ ነካካ። ዘጋ። ከዚያ ደግሞ «ሰንበሌጡን ለምዳው ቢሆንስ?» ብሎ በመርፌ ሞከራት። ጎረቤቱ በመስኮት አይቶ «ኧረ ተዋት ወዳጄ! ስንት ጊዜ ባዶ አፏን ታዘጋታለህ?» ቢለው «ይሄ ሰው ተክሌን ፈልጓታል» ብሎ ጀርባውን ሰጠው።

ቅጠሉ በከንቱ በተዘጋ ቁጥር ተክሏ ጉልበቷን ትጨርሳለች። ተመልሶ እስኪከፈት ጊዜ ይፈጃል፤ ደጋግመው ካታለሉት ደግሞ ይጠቁራል። አንዱ ጠቆረ፣ ሌላውም ተከተለ። በመጨረሻ ዝንቦቹ መጥተው እንደ ልባቸው ሲንሸራሸሩባት የሚዘጋ ቅጠል አልነበራትም። ሰውየው ምን ያለ ይመስልሻል? ማሰሮውን አንሥቶ ቦይ ውስጥ እየደፋ «አላልኩም? እኔ ድሮም ጠርጥሬያለሁ!» አለ።

ትርሲት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «እና ዝም ብዬ ልሞኝ ነው የምትዪኝ?»

«ተክሏ ሞኝ ናት እንዴ? ያ ዝንብ አንዴ ሲነካት ያልዘጋችው ሰንፋ አይደለም። አንድ ንክኪ የዝናብ ጠብታም ሊሆን ይችላል፣ ነፋስ ያመጣው ገለባም። ወዲያው ሲደገም ነው የምትዘጋው። ዘግታም ውስጧ የሚላወስ ነገር ካላገኘች ቆይታ ትከፍታለች እንጂ ባዶውን ጨብጣ አትቀርም። መጠርጠር ካለብሽ፣ ልጄ፣ እንደ ተክሏ ጠርጥሪ። አንቺ ግን የያዝሽው ሰንበሌጡን ነው፤ ቅጠሉ ደምሰው ነው። አንዴ ነካሽው፣ ታምኖ ተገኘ። አሁን ደግሞ በበሽታ ስም ልትነኪው ነው። በባዶ እየተጠራ የሚሮጥ ሰው፣ እውነተኛው ሕመም የመጣ ቀን እግሩ ይዝላል። ያን ቀን አንቺም ‹አላልኩም?› ትያለሽ።»



በማግስቱ ጠዋት ከኪዳን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ስልኬን አነሣሁ። ትርሲት ዓይኗን ተከለችብኝ፤ ምን እንደምል አላወቀችም፤ አሁን ደግሞ የምትጠረጥረው እኔን ነው። ደወልኩ።

«ደምሰው ልጄ፣ ደህና አደርክ? የለም፣ የለም፣ ማንም አልታመመም። ትርሲት እኔ ጋ ናት። የምትጠይቅህ ነገር አላት፤ ራሷ ትጠይቅህ» አልኩና ስልኩን እጇ ላይ አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።