ሸማኔውና የሚስቱ ድመት

አንድ ሸማኔ ነበረ። ሚስቱ ሞታበት ከአንዲት ድመት ጋር ብቻውን ይኖር ነበር።

ልጄ የውብዳር፣ «አባቴን ከገጠር ወደ ቤቴ ካመጣኋቸው ወዲህ ጠባያቸው ተበላሸ፤ ከሠራተኛዋም ከዘበኛውም ይጣላሉ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ከመመለሴ በፊት የዚህን ሸማኔ ነገር ላጫውትሽ። ጎረቤቴ ስለነበረ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ድመቷ የሚስቱ ነበረች። እፍኝ የማትሞላ ሳለች ከመንገድ አንስታ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ነው ያመጣቻት። ሴትዮዋ ከመስኮቱ ሥር የጎመንና የጤና አዳም መደብ ነበራት። ድመቷም ለመጸዳዳት የምትወጣው ወደዚያው ነበር። አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ ትጭረዋለች፣ ስትጨርስ መልሳ ትቀብረዋለች። ችግኝ እየነቀለች ስታስቸግር ሴትዮዋ መደቡን በድንጋይ ለሁለት ከፈለችው። «ይኸኛው የኔ፣ ያኛው ያንቺ፤ ድንበር እንዳትገፊ!» ትላታለች፣ ልክ ከሰው ጋር እንደምትሟገት። ሸማኔው ከመስኮቱ አጠገብ በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እየሸመነ ይሰማና ለብቻው ይስቃል። ጠዋት ጠዋት ከዚያ ቤት የሚመጣው የሽመናው ኳኳታ፣ የሴትዮዋ ቁጣና የሱ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ጊዜ አጥራችን የቅትክታ ስለነበር ድምፅ አይከለክልም ነበር።

ሴትዮዋ በአንድ ሳምንት ሕመም ሞተች። ሸማኔው ቀብሩ ላይ ዕንባ አልወጣውም። ሰው ሁሉ ታዘበው። ነገር ግን በመስኮቱ ባየ ቁጥር ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጎንበስ ያለች እየመሰለው ሥራ አላሠራው አለ። አርባዋ እንደወጣ ግንበኛ ጠራና መደቡንም ግቢውንም ሲሚንቶ አስለበሰው። ጎረቤቱ «እንዴት ያለ ንጹሕ ግቢ!» አለ። እኔም ብያለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ መሽተት ጀመረ። መጀመሪያ ከአልጋው ሥር፣ ቀጥሎ ከጥጡ ጆንያ ኋላ። ድመቷን መታት። አፍንጫዋን ካበላሸችው ቦታ ላይ ደፈቃት። ወለሉ ላይ በርበሬ በተነ። ድመቷ እሱን ስታይ መሸሽና መደበቅ ለመደች፤ ነገር ግን አልተወችም፤ እንዲያውም ይበልጥ ስውር ቦታ ትፈልግ ጀመር። በመጨረሻ ለሙሽራ የታዘዘ፣ ጥለቱ ሁለት ሳምንት የፈጀ ቀሚስ አበላሸችበት። ሠርጉ አምስት ቀን ቀርቶታል። የሙሽራዋ እናት መጥታ አየችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ሸማኔው ይህን መቼም አልረሳውም።

በማግስቱ ጠዋት ድመቷን ጆንያ ውስጥ ከተታትና ከወንዝ ማዶ ሊጥላት ተነሣ። በሩ ላይ ከእትዬ ደብሪቱ ጋር ተገናኙ። በዕድሜ የምትበልጠው፣ ከሚስቱ ጋር ብዙ ዘመን ያሳለፈች ጎረቤት ናት።

«ምንድን ነው የሚንፈራገጠው?» አለችው።

«ድመቷ ናት። ልጥላት ነው። ቤቴን መጸዳጃ አደረገችው፤ ባለጌ ናት።»

«ስንት ዓመት ኖረች እዚህ ቤት?»

«ዘጠኝ።»

«በዘጠኝ ዓመት ስንቴ ቤት አበላሸች?»

ሸማኔው አሰበ። «አንድም ቀን» አለ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር የምትወጣው?»

ሊመልስ አፉን ከፈተና ወደ ግቢው ዞረ። ሲሚንቶው ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል።  ጆንያውን ቀስ አድርጎ አወረደው።

የዚያን ዕለት ዶማ ከኔ ተዋሰ። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ሲሚንቶ ሲሰብር እስከ ቀትር ቆየ። ሲሚንቶው ሲነሣ ከሥሩ ያለው አፈር ገና እርጥብ ነበር። የደረቀ የጤና አዳም ሥር አገኘ፤ በጣቱ ፈረከሰው፣ አሸተተው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ በአጥሩ በኩል አየሁትና ተመለስኩ። እንዲህ ያለ ልቅሶ ሰው ባያየው ይሻላል።

ድመቷ ከጆንያው ስትለቀቅ ወዲያው ወደ መደቡ አልተመለሰችም። ፈርታ ነበርና አሁንም ከጥጡ ጆንያ ኋላ ያለውን መደበቂያ ጥጓን አልለቀቀችም። እሱ ግን እጁን አላነሣባትም። ያበላሸችውን ሁሉ ሽታው እስኪጠፋ አጠበ፣ በአሮጌ ሳፋ ከመደቡ አፈር ሞልቶ ጥጓ ላይ አስቀመጠላት። እሱን ስትለምድ ሳፋውን በየሁለት ቀኑ አንድ ክንድ ወደ በሩ ያስጠጋው ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንድ ቀን ሳፋውን አልፋ በራሷ ወደ መደቡ ወጣች። ሸማኔውም ሌላ ቀሚስ ሸምኖ፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላም ቢሆን፣ ለሙሽራዋ እናት በእጁ ወሰደላት።

እንግዲህ የውብዳር፣ አባትሽን ከድመት ማስተካከሌ አይደለም፤ አክብሬው ነው የምናገረው፤ እኩያዬ ነው። ነገር ግን አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ጠባዩ ነው፣ እኔ ደግሞ የምጠይቅሽ እንደዚያ መደብ ምን እንደተሸፈነበት ነው። አባትሽ በአገሩ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ድንበር የተገፋበት የሚፈልገው ሰው ነበር። ደጁ ሰው ሳይመጣ የነጋበት ቀን አልነበረም። አንቺ ጋ ምን አለው? አልጋው ምቹ ነው፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ ቤቱ ንጹሕ ነው። ነገር ግን የሚበላውን ሠራተኛዋ ትወስንለታለች፣ የሚወጣበትን ሰዓት ዘበኛው ይነግረዋል። አንድ ነገር የሚጠይቀው ሰው የለም። ባይቆጣ ነበር የሚገርመኝ። ወዲያው ደስ ይለዋል ብዬም አላታልልሽም፤ ቀስ ብሎ ነው።

ደግሞ ልብ በዪ፤ ቤትሽ ውስጥ አርባ ዓመት ሰው ሲመክር የኖረ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አንቺ ምክር ፍለጋ ሁለት ታክሲ ቀይረሽ እኔ ዘንድ መጣሽ። በይ ተነሺ፤ ቤትሽ ግቢና የቸገረሽን ነገር ሁሉ ለሱ ንገሪው።