ባሻ ቢተውና ከአደን የመጣችው ጂፕ

ይህን ያወጉን የሂርና ሽማግሌዎች ናቸው። ግማሹን ከራሳቸው ጨምረውበት ይሆናል፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ሴቶች አጠገባቸው ስለ ነበሩ ዘለውታል። እኛ የምናወራው ከሁለቱ የተረፈውን ነው።

ባሻ ቢተው የባሻነቱን ማዕረግ ማን እንደ ሰጠው አይታወቅም። ሲጠየቅ ሰጪው ሞቷል ይል ነበር። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት አጫዋች ነው። ወደዚያ ቤት የገባው ግን ፊታውራሪ ጠርተውት አይደለም፤ ወይዘሮ ላቀች ሲዳሩ ከእናታቸው ቤት ከጓዙ ጋራ አብሮ የመጣ ነው። ያሳደጉት እናቲቱ እመት ጥሩወርቅ ናቸው፤ ሲሸኙትም ልጄን አደራ ብለውታል። ስለዚህ የሚበላው የፊታውራሪን ቢሆንም ልቡ ከወይዘሮ ጋራ ነበር።

የመኪናው ነገር የመጣው ወይዘሮ ላቀች ከበቅሎ ወድቀው ዳሌአቸው በተጎዳ ጊዜ ነው። ወጌሻ ቢያሻቸውም ከዚያ በኋላ በቅሎ መቀመጥ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ከእናታቸው አገር፣ ከተራራው ማዶ የመጣ መንገደኛ የእመት ጥሩወርቅ ዓይን እየፈዘዘ መሆኑን፣ የሰው ፊት የሚለዩት ቀትር ላይ ብቻ፣ ያውም ደጅ ሲወጡ እንደ ሆነ ነገራቸው። ወይዘሮ ላቀች ሲያለቅሱ አደሩ። ሲነጋ ባላቸው ዘንድ ገብተው፣ የርስቴ ቡና ይሸጥና ጋራ የሚወጣ መኪና ይገዛልኝ፣ ዓይኗ ሳይጠፋ እናቴን ልያት አሉ። ፊታውራሪ መኪና የሚለውን ሲሰሙ እናት የሚለው ከጆሯቸው ሳይገባ ቀረ፤ ወዲያው እሺ አሉ።

፩

ድሬዳዋ ውስጥ አቶ ጓንጉል የሚባል ደላላ ነበረ። እንግሊዞች ከባሕር ማዶ በአደን ከተማ ነድተው ነድተው የሰለቹትን አሮጌ ጂፕ እያስመጣ ለመኳንንት ያሻሽጣል። ለፊታውራሪም የአንዷን ፎቶግራፍ ይዞ መጣና ያሞግሳት ጀመር። ጉልበቷ እንዲህ ነው፣ ልጅ አዋቂውን ሁሉ ታስቀምጣለች፣ ሞተሯም ቢሆን ሲሠራ ድምፁ እንኳ አይሰማም ብሎ ማለ። ፊታውራሪ ገንዘቡ ይውጣ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ባሻ ቢተው ፎቶግራፉን ተቀበለ። ወደ ጆሮው አስጠጋና ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት አዳመጠ።

«እውነቱን ነው ጌታዬ፤ ጭራሽ አይሰማም።»

ፊታውራሪ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያም እንግዲያው አንተው ከሰውዬው ጋራ ሄደህ በዓይንህ አይተህ አምጣ ብለው ፈረዱበት።

፪

ባሻ ቢተው ባሕር አይቶ አያውቅም። ከጅቡቲ አደን እስኪደርሱ የበላውንም ያልበላውንም ለባሕሩ ሰጠ፤ ከመርከቡም የወረደው ሰው ደግፎት ነው። የነጋዴው ግቢ ሲገቡ ጂፖች በረድፍ ቆመዋል። አቶ ጓንጉል በቀጥታ ወደ አንዲት የምታብለጨልጭ ቀይ ወሰደው። ለዚችኛዋ የበለጠ ጉርሻ ሳይኖረው አይቀርም። የቀድሞ ባለቤቷ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ መሆናቸውን፣ እኒህ ጨዋ ሰው ከቤታቸው ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤታቸው ከመሄድ በቀር ሌላ ቦታ ነድተዋት እንደማያውቁ እያጋነነ ነገረው። ባሻ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቿን ዳሰሰ። ጥርስ የሚባል አልቀረባቸውም።

«ቤታቸው አደን ከሆነ ቤተ ክርስቲያናቸው ኢየሩሳሌም ነበረ በለኛ።»

፫

ሌሎቹንም አንድ በአንድ እያየ አለፈና ከሁሉም መልከ ጥፉ ከሆነችው ዘንድ ቆመ። አመድማ ናት፤ አንዱ መብራቷ ያያል፣ አንዱ አያይም። በጎኗ ግን ዝቅ ያለች መርገጫ አለቻት። ባሻ ቢተው ግራ እግሩን እንደ እንጨት አድርቆ በመርገጫዋ ወጣ፤ ወረደ፤ ደግሞ ወጣ። ኋላ ወንበር ላይ ተንጋለለ። ከዚያም አቶ ጓንጉልን ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ንዳኝ ብሎ፣ እሱ ዳሌውን በሁለት እጁ ይዞ የት ላይ እንደሚያምም እያዳመጠ ግቢውን ዞረ። የነጋዴው ሠራተኞች ተሰብስበው ይስቃሉ። አቶ ጓንጉልም አፍሮ፣ የሠለጠነ ሰው መኪና ሲገዛ መጀመሪያ ሞተሩን ነው የሚያየው፣ አንተ ወንበር ስትለካ ልትውል ነው ወይ አለው።

«ሞተሩ ላይ የሚቀመጥ ዘመድ የለንም።»

ሞተሩም ኋላ ታየ። ያስላል፤ ግን ይሠራል። አመድማዪቱ ተገዛች።

፬

ነጋዴው ለመሸኛ አረንጓዴ ቀለም ቀባት። ደግ ያደረገ መስሎት ነበር፤ ድሬዳዋ ስትደርስ ግን ጣጣ አመጣ። የጉምሩኩ ሹም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ዞራትና ይህች መኪና አዲስ ናት፣ ቀረጧም የአዲስ ነው አለ። አቶ ጓንጉል ቢለምን፣ ቢምል፣ ሹሙ ዓይን አለኝ ብሎ ድርቅ አለ። ባሻ ቢተው አንዴ ትነሣና ከዚያ ይፍረዱ ሲል ለመነው። ከዚያው የተቀጠረው ሾፌር ጅብሪል አስነሣት። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፤ ሳለች፤ እንደ ገና ሳለች፤ በመጨረሻ አንድ ጥቁር ጢስ ተፍታ ደጅ ከአጠገቧ በተዘረጋው የሹሙ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የቀለም ብልቃጥ ደፋች።

«ጌታዬ፣ ይህ የኮረዳ ሳል ነው?»

ሹሙ ቀለሙን እየጠረገ አሮጌ ብሎ ጻፈ።

፭

ሂርና ስትገባ እልልታ ሆነ። ወይዘሮ ላቀች ለእናታቸው የሚወስዱትን ነጠላ አጥፈው አስቀምጠው ነበርና በነጋታው የሚሄዱ መስሏቸው ነበር። ፊታውራሪ ግን መኪናዋ በመጀመሪያ ለሚካኤል በዓል ለሕዝብ መታየት አለባት አሉ። በዓሉ ሲደርስ ደግሞ እኔን የመሰለ ሰው ያለ አጃቢ አይሄድም ብለው ባለ ጠመንጃውን ሁሉ ከፊትና ከኋላ አሰለፉ። ጅብሪል መኪናዋን በሰው እርምጃ ነዳ። እግረኛው ሲደክመው መኪናዋ ትቆማለች፤ እግረኛው ውሃ ሲጠጣ ትቆማለች። በዚህ መካከል አንዲት አሮጊት አህያቸውን እየነዱ መጥተው ለፊታውራሪ እጅ ነሡና አልፈዋቸው ሄዱ። ፊታውራሪ ፊታቸው ተለዋወጠ። ምን ዓይነት ስድ ሴት ናት፣ የጌታ አጸፋ ሳትሰማ የምትሄድ ብለው ተቆጡ።

«ቆመው ቢጠብቁን ገበያው ይፈታባቸዋል ጌታዬ።»

፮

ያን ዕለት በመኪናዋ አፍንጫ ላይ ጥቂት ጭቃ ተረጨ። ፊታውራሪ በገዛ ኩታቸው ጠረጉት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ዳስ ተሠርቶላት ገባች፤ ዘበኛ ተቀጠረላት፤ ቁልፏም ከፊታውራሪ ወገብ ጋራ ታሰረ። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይከፍቱና ጥሩንባዋን አስነፍተው መልሰው ይቆልፉባታል። ወይዘሮ ላቀች የእናታቸውን ነገር ሲያነሡ ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው ይባላሉ። ክረምቱ ወጣ፤ አሁን ደግሞ አቧራ ሆነ። አንድ ቀን ከእራት በኋላ ወይዘሮ እንደ ገና ሲለምኑ ፊታውራሪ ተበሳጭተው፣ ጭቃም አቧራም የሌለበት መንገድ አግኙልኝና አሁኑኑ ሂዱ አሉ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ባሻ ቢተው መለሰ።

«እሱማ ባሕሩ ነው ጌታዬ፤ በእሱ ደግሞ መጥታበታለች።»

የዚያን ለት እራቱን ሳይጨርስ ተባረረ። ጉዳቱ ግን ብዙም አልነበረም፤ ወይዘሮ በጓሮ በኩል ልከውለታል።

፯

ጎረቤታቸው አቶ ዳምጠው ነበሩ። ንፉግነታቸው ከአገር አገር የተሰማ ነው፤ ለእንግዳ ጠላ ሲያቀርቡ እንኳ አውራ ጣታቸውን ዋንጫው ውስጥ ነክረው ነው የሚያቀርቡት፣ ቶሎ እንዲሞላ። እኒህ ሰው የፊታውራሪ መኪና ሰሞኑን በደጄ ስታልፍ ጥሩንባ ነፍታ ላሜን አስደንግጣ ወተቷን አደረቀችብኝ ብለው ከሰሱ። ፊታውራሪ ጠበቃ ቢያጡ ባሻ ቢተውን ላኩት። ዳኛው ሁለቱንም ወገን ከሰሙ በኋላ ወደ ከሳሹ ማዘንበል ጀመሩ፤ ላሟም ከስታለች፣ ሰውየውም ያለቅሳሉ። በመጨረሻ የተከሳሹ ወገን የሚለው አለው ወይ ብለው ጠየቁ። ባሻ ቢተው ነጠላውን አደግድጎ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ከሚካኤል በዓል ወዲህ ያቺን መኪና ከግቢ ስትወጣ ያየ ምስክር ያምጡ፤ ካሣው ላይ ወይዘሮ ላቀች ጥጃ ይጨምሩላቸዋል።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ምስክርም አልተገኘ። ፊታውራሪ መርታታቸውን ሰምተው ባሻን ሸማ ሸለሙት፤ ምን ተብሎ እንደ ተረታላቸው የሰሙት ሸማውን ከሰጡ በኋላ ነው።

፰

እንዲህ ሲሉ ዓመት ሊሞላ ሆነ። ከተራራው ማዶ ሌላ መንገደኛ መጣና የእመት ጥሩወርቅ ዓይን አሁን በቀትርም ቢሆን የሚለየው እጅግ የቀረበውን ብቻ እንደ ሆነ ተናገረ። ወይዘሮ ላቀች በዚህኛው አላለቀሱም። ያጠፉትን ነጠላ አውጥተው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። ባሻ ቢተው ለቅሷቸውን ችሎት ነበር፤ ዝምታቸውን ግን አልቻለም። 

በዚያው ሰሞን አንድ ደጃዝማች በመንገዳቸው ፊታውራሪ ቤት አረፉ። ግብር ገባ፤ ተበላ፤ ተጠጣ። ፊታውራሪም እንግዳቸውን ወደ ዳሱ ወስደው መኪናዋን አሳዩአቸው። ወንዝ ትሻገራለች፣ ገደል ትወጣለች፣ በቅሎ የማይደርስበት ትደርሳለች እያሉ ከበፊቱ የበለጠ አወሩላት። ወይዘሮ ላቀችም ከሴቶቹ ጋራ ቆመው ይሰማሉ። ደጃዝማቹ በጣም ተደንቀው፣ እስካሁን ታዲያ የት የት ወሰደቻችሁ ብለው ጠየቁ። ፊታውራሪ የመኪናዋን አፍንጫ በኩታቸው ይጠርጉ ጀመር። ባሻ ቢተው ከኋላ ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ከአደን ድረስ ባሕር ተሻግራ መጣች፤ እዚህ ስትደርስ ጌታዬ አገቧት፤ ከዚያ ወዲህ ደጅ አታውቅም።»

ደጃዝማቹ ከት ብለው ሳቁ። ወዲያው ዓይናቸው ወይዘሮ ላቀች ላይ ሲያርፍ ሳቃቸውን ዋጡ። ፊታውራሪ መሸሻ ያን ሁሉ ሰው አዩ፤ ሰውም እሳቸውን አየ። ከወገባቸው ቁልፉን ፈቱና፣ እኔም ነገ ጠዋት እናቷን ታይ ልል ነበር አሉ።

፱

ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ ላቀች በዚያች ዝቅተኛ መርገጫ፣ የማንንም እጅ ሳይዙ ወጥተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጅብሪል አስነሣ። ፊታውራሪ ግን የመኪናዋን በር ይዘው ምክር ጀመሩ። ውሃ ውስጥ በቀስታ ትግባ። እሾህ እንዳይቧጭራት። ፀሐይ ላይ እንዳትቆም፣ ሌሊት እንዳትበርዳት፣ ዶሮ እንዳይሰፍርባት፣ ልጆች እንዳይነኳት። ባሻ ቢተው ከሾፌሩ አጠገብ ሆኖ ጋራውን ያያል። ፀሐይዋ ብቅ አለች፤ አንድ ክንድ ያህልም ከፍ አለች። ቀትር ካለፈ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ፊታውራሪ ጎማዋን ወደ መመርመሩ አለፉ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ መስተዋቷ። ባሻ አንገቱን አወጣ።

«ለመኪናዋ ያሉትን ሁሉ ይዣለሁ ጌታዬ፤ ለወይዘሮም የሚሉት ካለ ቦታ አይጠበንም።»

ፊታውራሪ በሩን ለቀቁ።

፲

ወንዙን ተሻገሩ፤ ጋራውን እያሳለች ወጣችው። ጅብሪል ይነዳል፤ ወይዘሮ ላቀች ዳሌአቸውን ይዘዋል፤ ባሻ ቢተው የዛፎቹን ጥላ እያየ ያጥራል፣ ያጥራል ይላል። ከእመት ጥሩወርቅ ደጅ ሲደርሱ ጥላው ከግንዱ ሥር ገብቷል። አሮጊቷ ቀትር ሲሆን ደጅ ወጥተው መቀመጥ ልማዳቸው ነበርና እዚያው አገኟቸው። ወይዘሮ ላቀች እያነከሱ ሄደው ከእግራቸው ሥር ተንበረከኩ። እናቲቱ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሩት። ግንባሯን አዩ፤ ዓይኗን አዩ፤ በጆሮ ግንዷ አጠገብ የወጣውን ሽበት በጣታቸው ነኩት። አየሁሽ፣ አንቺው ነሽ አሉ። ሁሉም ተላቀሱ፤ ጅብሪል እንኳ ሞተር የሚያይ መስሎ ዞረ።

እመት ጥሩወርቅ ጥቂት ቆይተው ባሻ ቢተውን በድምፁ ለዩት። አጠገባቸው አስቀመጡትና፣ ልጄን አደራ ብዬህ ነበር፣ ይህን ያህል ያቆያችሁ የመንገዱ ርቀት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ባሻ ቢተው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«መንገዱስ ግማሽ ቀን ነው እመት፤ ዓመት የፈጀብን ከግቢው በር መውጣቱ ነው።»